ስለ ዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና

የፊት ቀዶ ሕክምና ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የእርጅናን መጨማደድ ስለሚያቃናው ጥበብ ነው። በአገራችን፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዓይን ቆብ የሚመልሰው ነው።

መነሻው በተለምዶ የዓይን ማዝ የሚባለው ትራኮማ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ሕመሙ ከሕፃንነት ጀምሮ በተደጋገመ ቍጥር የቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይዞ ይኮማተራል፤ ጠርዙም ይታጠፋል። ከዚያ ወዲያ ዓይን በተከደነ ቍጥር ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ሕፃናትን የሚያሳድጉ ሴቶች ስለሆኑ ይበልጥ የሚጠቁትም እነርሱ ናቸው።

በወለቃም ሆነ ከዚያ ወዲያ ባለው ደጋ የምትኖር እናታችሁ ጠጉሩን በወረንጦ እየነቀለች ትታገሥ ይሆናል። መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ጠጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ብርሃን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስምና፣ ማዘግየት አይገባም።

ሥራው ረዥም አይደለም። ቆቡ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ተቀድዶም ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል፤ ሕመምተኛዋም በዕለቱ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች። ይሁን እንጂ አሠራሩ ልዩነት ያመጣል። በአማራ ክልል በ1,000 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2008 ዓ.ም. (በ2016 እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ሁለት ዘዴዎችን አነጻጽሯል። በአንድ ዓመት ውስጥ ጠጉሩ የተመለሰባቸው፣ ቆቡ ከውስጥ በኩል ብቻ ከተቀደደላቸው ከመቶ 13፣ ከቆዳው ጭምር ከተቀደደላቸው ደግሞ ከመቶ 22 ሆነው ተገኝተዋል።

እንግዲህ ቀዳጁን ስትመርጡ ማዕርጉን ብቻ አትመልከቱ፤ ለዚሁ ሥራ በሚገባ የሠለጠነ ነርስም ይሠራዋልና። ይልቅስ እነዚህን ጠይቁ፦ በዚህ ቀዶ ሕክምና ተፈትኖ የምስክር ወረቀት አግኝቷልን? ሥራውን ዘወትር ይሠራዋልን ወይስ አልፎ አልፎ? በማግስቱ፣ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት፣ ኋላም ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መልሶ ይመረምራታልን? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ ግልጽ መልስ ካጣችሁ ሌላ ፈልጉ።

ቀድሞ ተሠርቶ የተመለሰ ዓይን ወይም የታመመ ሕፃን ሲያጋጥም ግን ጉዳዩ የዓይን ስፔሻሊስት ነው። ለወለቃ ነዋሪ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም።

በመጨረሻም፣ ቀዶ ሕክምና ቆቡን ያቃናል እንጂ በሽታውን ከቤት አያስወጣም። እናታችሁን ወደ ሕክምና ስትወስዱ፣ አብረዋት የሚኖሩት ሕፃናት ፊታቸውን ዕለት ዕለት እንዲታጠቡ አድርጉ።