ዲግሪ ሳይዙ የሚወጡት «ያልቻሉት» ናቸውን?

አንድ ተማሪ ዲግሪውን ሳይዝ ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ በዘመድም ሆነ በጎረቤት ዘንድ ቀድሞ የሚሰነዘረው ማብራሪያ «አልቻለም» የሚል ነው። ይህ አባባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል፤ አንደኛው በውጤት ማነስ መሰናበት፣ በተማሪዎች አነጋገር «ዲስሚስ» መሆን ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪው ራሱ የዊዝድሮው ፎርም ሞልቶም ሆነ ለማንም ሳይናገር ትምህርቱን መተው ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ለረጅም ዓመታት የጻፈው አሜሪካዊ ምሁር ቪንሰንት ቲንቶ እንዳመለከተው፣ በአገሩ ኮሌጅን ከሚለቁት መካከል በውጤት ምክንያት የሚሰናበቱት ከሩብ ያነሱ ናቸው። ይህን ስሌት እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት አይገባም፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው ዓመት ስንብት ከባድ ጉዳይ ነውና። ይሁን እንጂ የወረደ ማርክ ራሱ የችሎታ ልክ ነው ብሎ መደምደም ሌላ ስህተት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው «ኤሳፕ» የተባለ መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብሩን ለመመዘን በተደረገ ጥናት ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና የማሟያ ትምህርት፣ ማለትም ሪሚዲያል፣ የሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ቋሚ አማካሪ፣ ተጨማሪ የማስጠናት አገልግሎት፣ የመጻሕፍት ድጋፍና ነጻ የትራንስፖርት ካርድ ሲሰጠው፣ ሌላው ወገን ኮሌጁ ለሁሉም በሚሰጠው የተለመደ አገልግሎት ብቻ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የጥናቱ ሪፖርት መሠረት በሦስት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ወገን 40 በመቶ ያህሉ ሲመረቁ፣ ከሁለተኛው የተመረቁት 22 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ዕጣ የተማሪዎችን ጉብዝና ስለማይለይ፣ ልዩነቱን ያመጣው በተማሪው ዙሪያ የተደረገው ነገር ነው ማለት ነው፤ የአውቶቡስ ካርድን ያህል ተራ ነገርም የዚህ አካል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

«አንድ ቀን ተነሥቶ ተወው» የሚለው እምነትም እንዲሁ አሳሳች ነው። ቲንቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ጽሑፍ የፈረንሳዊውን የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ኤሚል ዱርካይምን ሐሳብ ተውሶ፣ ማቋረጥ በጊዜ ሂደት የሚከማች ነገር መሆኑን አስረድቷል፤ ተማሪው ከትምህርቱ ጋር ያለው ግንኙነት (አካዳሚያዊ ትስስር) እና ከጓደኞቹና ከመምህራኑ ጋር ያለው ግንኙነት (ማኅበራዊ ትስስር) ቀስ በቀስ ሲላላ፣ በመጨረሻ መውጣቱ ቀደም ብሎ የተጀመረውን ነገር መፈጸም ብቻ ይሆናል። ዊልያም ቲርኒ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን ንድፈ ሐሳብ ሲተች፣ ተማሪው ከመጣበት ማኅበረሰብ ተላቆ ወደ ኮሌጁ ባህል መግባት አለበት የሚለውን ግምት ተቃውሟል። ትችቱ ለኢትዮጵያ የሚስማማ ይመስላል። በማዕከላዊ ምደባ ከቤቱ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ዶርም የገባን የፍሬሽ ተማሪ ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ የሚያቆየው ይዞት የመጣው ነገር ነው፦ ግቢ ጉባኤ፣ ጀመዓ፣ ፌሎሺፕ፣ አልያም ቋንቋውን የሚናገር የዶርም ጓደኛ። ዩኒቨርሲቲዎች ከሚያዘጋጁት የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ይልቅ እነዚህ ስብስቦች የበለጠ ሥራ ይሠራሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው እምነት ግን «ትምህርቱ በነጻ ነው፣ ገንዘብ ምክንያት ሊሆን አይችልም» የሚለው ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ጊዜ የሠራው ሥርዓት ነጻ ሳይሆን በዱቤ የተሰጠ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 351 ወጪ መጋራትን፣ በተለምዶ «ኮስት ሼሪንግ» የሚባለውን፣ የደነገገ ሲሆን፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፍል ተደረገ። ይህ ዱቤ የማይሸፍነው ነገር ግን ብዙ ነው፤ ሳሙና፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ ለበዓል ወደ ቤት መመላለሻ፣ ልብስ። በዚያ ላይ ጉልበቱ ለእርሻው ወይም ለሱቁ ያስፈልግ የነበረ ልጅ ሲማር ቤተሰቡ የሚያጣው ገቢ አለ፤ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን የአማራጭ ዋጋ ይሉታል፣ በማንኛውም ደረሰኝ ላይ ስለማይታይም አይቆጠርም። አባት ሲታመም ወይም ዝናብ ሲቀር የሚያቋርጠው ተማሪ በመዝገብ ላይ «በግል ምክንያት» ተብሎ ይጻፋል።

በዚሁ «በግል ምክንያት» በሚለው ዓምድ የሚጻፉ፣ ነገር ግን ምንም ግላዊነት የሌላቸው ምክንያቶችም አሉ። በ2012 ዓ.ም. በተለያዩ ግቢዎች በተነሣው ግጭት ሕይወታቸውን ለማትረፍ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ተማሪዎች፣ ቀጥሎም በትግራይ ጦርነት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው፣ ያቋረጡት ሳይሆኑ የተቋረጠባቸው ናቸው። ባልመረጠው ዲፓርትመንት የተመደበ ተማሪም ቢሆን በስንፍና ብቻ ሊፈረጅ አይችልም።

በወጣቶች ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ተረት ይወራል፦ ቢል ጌትስም ማርክ ዛክርበርግም አቋርጠው ነው የበለጸጉት። ሁለቱም ሃርቫርድን የለቀቁት፣ ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ዛክርበርግ በ2004፣ ሥራቸውን ጀምረው፣ ደኅና ኑሮ ያለው ቤተሰብ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። አቋርጠው ስማቸው ያልተሰማውን እጅግ ብዙ ሰዎች ትቶ ከተሳካላቸው ጥቂቶች ብቻ መማር በስታቲስቲክስ የታወቀ ስህተት ነው።

«የወጣ አይመለስም» የሚባለው በከፊል እውነት የሚሆነው በአወጣጡ ምክንያት ነው። ክሊራንስ አዙሮ፣ በሬጅስትራር አስመዝግቦ የወጣ ተማሪ ሪአድሚሽን የመጠየቅ መንገድ ሲኖረው፣ ሻንጣውን ይዞ ዝም ብሎ የሄደው ግን ሲመለስ የሚገጥመው ጣጣ ብዙ ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ አያገኝም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ሌላ ዓይነት ሰው ፈጥሯል፦ ኮርሶቹን በሙሉ ጨርሶ ዲግሪ ያልያዘ። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት በድጋሚ የመፈተን ዕድል ቢኖራቸውም፣ እስኪያልፉ ድረስ «ጨረሱ» ለማለትም «አቋረጡ» ለማለትም አይመቹም።