ግራጫው ድንጋይ ስንት ያወጣል?

የዕለቱን የቡናና የስንዴ ዋጋ ጠዋት ለቅቄያለሁ፣ ከፍ ብላችሁ እዩት። ይሄኛው ስለ ድንጋይ ነው። የማላውቀውን ዕቃ ዋጋ ጠርቼ ስላፈርኩበት ቀንም ነው።

ስዊዘርላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ወር ደወለልኝ። ከአንድ ሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ ደርሶ ሁለት ድንጋይ በ400 ፍራንክ ገዝቷል። ሁለቱም ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፦ «ዮርዳኒት፣ ቢን»። ሻጩ «ብርቅ የእርሳስ ማዕድን ነው» ብሎታል። ገንዘቡ ግን የእናቱ ቤት ቆርቆሮ መቀየሪያ ነበር፤ አክስቴ ክረምት ሳይገባ ብላ ስትጠብቀው የከረመችው።

«አንተ ደላላ አይደለህ እንዴ? ስንት ያወጣል?» አለኝ።

«ስንት ይመዝናል?»

«ሁለቱም አንድ ላይ 300 ግራም።»

ስልኬ ላይ ፈለግኩ፤ 70 ከመቶ ገደማ እርሳስ ነው ይላል። ለንደን ላይ እርሳስ በቶን 2000 ዶላር አካባቢ ነው የሚውለው። መታሁት፦ 210 ግራም እርሳስ፣ 42 ሳንቲም ዶላር። ሳቅኩና ነገርኩት። «እሺ በቃ» ብሎ ዘጋው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሠራሁት ሥራ ይርጋጨፌን በካፌይን መጠኑ ዋጋ እንደመጥራት ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ዮርዳኒት የጀርመንኛ አጠራሩ ነው፣ በእንግሊዝኛው ጆርዳናይት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1864 ጌርሃርድ ፎም ራት የሚባል ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ ነው ለይቶ የገለጸው፤ ስሙንም ያወጣለት ዛርብሩከን በሚኖር ዶክተር ዮርዳን በሚባል ሰው ነው። የተገኘው ደቡብ ስዊዘርላንድ፣ ቫሌ ክልል፣ ቢን ሸለቆ ውስጥ ሌንገንባህ ከሚባል የድንጋይ ካባ ነው። እዚያ ዓለቱ እንደ ስኳር የነጣ ዶሎማይት ሲሆን ግራጫዎቹ ማዕድናት በትንንሽ ክፍተቶቹ ውስጥ ይበቅላሉ። ካባው የሚቆፈረው ለብረት አይደለም፣ ለናሙና ነው። የእርሳስ ዋጋ ወጣ ወረደ ብሎ የሚጨነቅ እዚያ የለም ማለት ነው። የእኔ ስሌት ገና ከመነሻው ገደል ገብቷል።

የማዕድኑ ወገን ሰልፎሶልት ይባላል። ስሙ ጨው ቢልም ከወጥ ጨው ጋር አይገናኝም። ተራው የእርሳስ ማዕድን ጋሌና እርሳስና ድኝ ብቻ ነው። ሰልፎሶልት ውስጥ ሦስተኛ ሸሪክ ይገባል፦ አርሰኒክ፣ አንቲሞኒ ወይም ቢስሙዝ። እንዲህ ያሉ ማዕድናት ከ200 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ግራጫ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ለስላሳና ከባድ ናቸው። በዓይን የሚለይ ሰው ካለ ወይ በጣም ሊቅ ነው ወይ ሻጭ ነው።

ቢሆንም አንዳንድ ነገር በእጅም ይታያል። ጆርዳናይት ከእኩል መጠን ውሃ 6.4 እጥፍ ይከብዳል፣ ጋሌና ደግሞ 7.6። ጥንካሬው 3 ነው፣ የመዳብ ሳንቲምን ያህል። ሸክላ ላይ ሲፈገፈግ ጥቁር ያሰምራል። ክሪስታሉ ሰሌዳ መሳይ ሆኖ ብዙ ጊዜ ባለ ስድስት ጎን ይመስላል፣ ላዩ ላይም ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ጋሌና ግን ሲሰበር እንደ ደረጃ በአራት ማዕዘን ነው የሚሰነጠቀው። ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ትልቁ ድንጋይ ጠርዙ ላይ ጥርት ያለ ደረጃ። ጋሌና! ወረቀቱ ዋሽቷል፣ ወይ የሌላ ድንጋይ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ነጭ ዶሎማይት ነው፣ ላዩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ግራጫ ሰሌዳዎች አሉ፣ ባለ መስመር። እኔ ነጩንም ዓለት እንደ እርሳስ መዝኜው ነበር።

ዋናው ጉድ የምደባው ነው። ጆርዳናይት ውስጥ ለ14 እርሳስ 6 አርሰኒክና 23 ድኝ አለ። በአርሰኒኩ ቦታ አንቲሞኒ መግባት ይችላል፣ የውስጥ አደራደሩ ሳይለወጥ። አንቲሞኒው ከግማሽ ሲያልፍ ስሙ ይቀየርና ጂኦክሮናይት ይሆናል። ይሄኛው ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ስዊድን ሳላ ከሚባለው የብር ማዕድን ስፍራ የተሰየመ ነው። የድሮ አልኬሚስቶች አንቲሞኒን በመሬት፣ እርሳስን በክሮኖስ (ሳተርን) ይወክሉ ስለነበር ሁለቱን የግሪክ ቃላት አጋጥመው አወጡለት። ድንበሩ ላይ ያለ ናሙና እንግዲህ እንደ እኛ ደረጃ 2 እና ደረጃ 3 ነው፤ በትንሽ ነጥብ ስሙ ያልፋል።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ፍንካች ወስዶ በኤሌክትሮን ጨረር አስመረመረ። እርሳስ፣ አርሰኒክ፣ ድኝ፣ አንቲሞኒ በጣም ጥቂት። ጂኦክሮናይት ወጣ። ደስ አለን፣ ግን ቸኩለናል። ግራቶናይት የሚባል ሌላ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ከፔሩ ሴሮ ዴ ፓስኮ የተገለጸ፣ በሃርቫርዱ የጂኦሎጂ ሰው በግራተን ስም የተሰየመ። ለ9 እርሳስ 4 አርሰኒክና 15 ድኝ። ወደ መቶኛ ለውጡት፦ ጆርዳናይት 71 እርሳስ፣ 11 አርሰኒክ፣ 18 ድኝ። ግራቶናይት 70.5፣ 11.3፣ 18.2። ተራ ምርመራ በዚህ ልዩነት ላይ አይማልም። የሚለያቸው አተሞቹ የተደረደሩበት መንገድ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚያሳየው ራጅ ነው። በእኛ ቋንቋ ኬሚካሉ የጥሬው 40 ነጥብ ነው፣ ራጁ የቅምሻው 60። እ.ኤ.አ. በ2008 በኢቭ ሞኤሎ መሪነት የወጣው የዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር የሰልፎሶልት ሪፖርትም ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያየው፣ ውህዱንም አደራደሩንም።

እግረ መንገዴን፣ የድንጋይ ፎቶ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ወንድሞች፣ አርሰኒክ ያለበትን ማዕድን እሳት ላይ አድርጋችሁ «እስቲ ይቀልጥ እንደሆነ» አትበሉ። ጭሱ መርዝ ነው። ነክታችሁም እጃችሁን ሳትታጠቡ ቡና አትቅመሱ።

የራጁ ውጤት ማክሰኞ መጣ፦ ሞኖክሊኒክ፣ ጆርዳናይት። ግራቶናይት ቢሆን ሌላ አደራደር ነበር የሚያሳየው። የአክስቴ ልጅ ሲደውል ድምፁ ተቀይሯል። ግን ከገዛ በኋላ ሁለቱን ድንጋዮች በአንድ ካልሲ ጠቅልሎ በባቡር ወስዷቸው ኖሮ፣ ከባዱ ጋሌና ከሰሌዳዎቹ ትልቁን ጠርዙ ላይ ሰብሮታል። የናሙና ገበያ ደግሞ ስባሪ ይቀጣል፣ ልክ እንደ ስባሪ ፍሬ። አንድ ሰብሳቢ አይቶ ከነወረቀቱ 250 ፍራንክ ብሎታል።

«ልሽጠው?» አለኝ።

ይሄን ጊዜ ዋጋ አልጠራሁም። ሌላ ሁለት ገዢ አሳየው አልኩት። ለቆርቆሮው የጎደለውን እኔ ለአክስቴ ልኬያለሁ፣ እሱ ሲሸጥ ይመልስልኛል።