ሐዲድ ለሌለበት ከተማ የሚሆን ባቡር

ዲላ ባቡር ደርሶባት አያውቅም። የጌዴኦ ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በጭነት መኪና ነው። ባቡር መንዳት ያማረው የዲላ ወጣት ግን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል።

«ማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር» የተባለው የባቡር መንዳት ጨዋታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ኩጁ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሠራው፣ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከኦስትሪያና ከጃፓን የተወሰዱ ስድስት መስመሮች ነበሩት።

የሚገደል ጠላት የለም፤ ፈተናው ፍሬኑ ነው። ከባድ ባቡር እንደ መኪና ቶሎ አይቆምም፤ ነጂው ጣቢያው ገና ሳይታየው ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። የእንፋሎት ባቡር ሲሆን ደግሞ ምድጃውን ከሰል እያጎረሰ፣ ውሃውንና ግፊቱን እየተከታተለ ዳገቱን ይወጣል። ውሃው ከጎደለ ጉዞው እዚያው ያበቃል። ጫፍ ላይ ደርሶ ፊሽካውን የነፋ ሰው ደስታው የምር ነው።

ዕድሜውን ያረዘመው ግን አብሮት የመጣው የመስመር መሥሪያ ነው። ተጫዋቾች የየአገራቸውን ሐዲድ ሠሩበት፤ ዛሬም «ኦፕን ሬይልስ» የተባለ ነፃ ፕሮግራም እነዚያን መስመሮች ያስኬዳል።

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ፎቶግራፍና ካርታ በእጃችሁ ያለ አንባቢዎች፣ እባካችሁ ለዲላ ወጣቶች ስጧቸው፤ የመስመሩን የድሬዳዋ ጣቢያ በጨዋታው ውስጥ መልሰው ይሥሩት።