ስለ ኮምፒውተር ዲስክ መድከም፤ በውስጡም ያለውን የቤተ ሰብ መዝገብ ስለ ማዳን

የአንድ ቤት ክብር በግድግዳውና በጣራው ብቻ አይደለም፤ በውስጡ በሚጠበቀው መዝገብም ጭምር ነው። በቀድሞው ዘመን ይህ መዝገብ የሚጠበቀው በሣጥን ነበር። የጋብቻ ውል፤ የርስት ደብዳቤ፤ ከሩቅ አገር የተላከ መልእክት፤ የአባትና የአያት ፎቶግራፍ፤ ይህ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ የሣጥኑም መክፈቻ ከእመቤቲቱ መቀነት አይለይም ነበር። ዛሬ ግን የብዙ ቤት መዝገብ ከሣጥን ወጥቶ ላፕቶፕ በሚባለው ታጣፊ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። የልጆች ፎቶግራፍ፤ የሞቱ ወላጆች ድምፅ፤ የቤትና የቦታ ካርታ ቅጂ፤ የትምህርት ምስክር ወረቀት፤ በውጭ አገር ካሉ ዘመዶች ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ይገኛል።

የእንጨቱ ሣጥን ሌባ ወይም እሳት ካልደረሰበት ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ ይህ አዲሱ ሣጥን ግን ማንም ሳይነካው ከውስጡ የሚደክም ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ዲስኩ ሲደክም የሚታየውን ምልክት፤ በዚያም ጊዜ ሊደረግና ሊተው የሚገባውን ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዲስክ ምን እንደ ሆነ

ሀርድ ዲስክ የሚባለው ዕቃ በመጀመሪያ የተሠራው አይ.ቢ.ኤም. በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ለሕዝብ የታወቀውም በ1956 ዓ.ም. ነው። ያ የመጀመሪያው ዲስክ ቁመቱ እንደ ትልቅ ቁም ሣጥን ነበር፤ በውስጡም 50 ክብ ሳሕኖች ነበሩበት፤ ነገር ግን ሊይዝ የሚችለው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ዲስክ በመዳፍ የሚያዝ ሲሆን ከዚያ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ጽሑፍ ይይዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከአሉሚኒየም ወይም ከመስተዋት የተሠራ እጅግ የለሰለሰ ሳሕን አለ፤ በላዩም የመግነጢስ ኀይል የሚቀበል ስስ ቅብ ተቀብቷል። ሳሕኑ በአንድ ደቂቃ 5,400 ጊዜ፤ በአንዳንዱም 7,200 ጊዜ ይዞራል። ከሳሕኑም በላይ በቀጭን ክንድ ጫፍ የተተከለ ማንበቢያ አለ፤ እርሱም ሳሕኑን ሳይነካ በነፋስ ላይ ተንሳፎ ይጽፋል፤ ያነባልም። በማንበቢያውና በሳሕኑ መካከል ያለው ክፍተት የሰው ጠጕር ውፍረት ከሺህ እጅ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አንባቢ ይህን ሲያስብ፤ ላፕቶፕ በሥራ ላይ ሳለ ቢወድቅ ወይም አቧራ ቢገባበት ምን ያህል ጕዳት እንደሚደርስ ያለ አስረጂ ያስተውለዋል።

ሠሪዎቹም ይህን ድካም አስቀድመው ስለሚያውቁ ዲስኩን ያለ ትርፍ ቦታ አይሰጡም። አንዱ የሳሕኑ ክፍል ሲበላሽ ዲስኩ ራሱ ያን ትቶ ወደ ትርፉ ቦታ ይጽፋል፤ የተዋቸውንም ክፍሎች ቍጥር በራሱ መዝገብ ይይዛል። ይህ መዝገብ ስማርት ይባላል፤ ማንኛውም የኮምፒውተር ዐዋቂ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። የተተዉት ክፍሎች ቍጥር ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ሲሄድ ዲስኩ ለመሞት መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ነገር ግን አንዳንድ ዲስክ በስማርት መዝገቡ ምንም ሳያሳይ በድንገት የሚሞት ስለ ሆነ፤ መዝገቡ መልካም ነው ብሎ ተዘልሎ መቀመጥ አይገባም።

የድካሙ ምልክቶች

ዲስክ ሲደክም ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል። ቀድሞ በአንድ አፍታ ይከፈት የነበረው ፎቶግራፍ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ይቆማል፤ አንዳንድ ፋይል ስሙ እየታየ አልከፈት ይላል፤ ዲስኩም አንዳንድ ጊዜ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜ ይሰወራል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ድምፅ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል የተመላለሰ ድምፅ ወይም ብረት በብረት ላይ እንደሚፋቅ ያለ ድምፅ ሲሰማ፤ ማንበቢያው ሥራውን መሥራት እንዳልቻለ፤ ምናልባትም ሳሕኑን እየፋቀ እንደ ሆነ ያመለክታል። የተፋቀውም ቅብ ተመልሶ የሚገኝ አይደለም።

በምናውቀው በአንድ ቤት የሆነውን ለምሳሌ ያህል እንናገር። የቤቱ አባት ከመሞታቸው አስቀድሞ የዘራቸውን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት እየቈጠሩ ሲናገሩ ድምፃቸው ተቀድቶ በላፕቶፕ ተቀምጦ ነበር፤ ሌላ ቅጂ ግን አልነበረም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት በጀመረ ጊዜ ልጆቹ ምናልባት ይሻለው ይሆናል እያሉ እያጠፉ መልሰው ያበሩት ጀመር። ኋላም አንዱ ሌላውን አንተ ጣልኸው፤ አንቺ ሳትዘጊው ተውሽው እያሉ ተካሰሱ። እናታቸው ግን፤ «ልጆቼ፤ ክርክሩ ይቆያችሁ፤ መጀመሪያ አጥፉትና ለሚያውቅ ሰው አሳዩት» ብለው ከእጃቸው ወሰዱት። ዐዋቂውም 4 ቀን ሙሉ እየቀዳ አብዛኛውን አወጣው፤ የአባትየውም ድምፅ ተገኘ፤ የሁለት ዓመት ፎቶግራፍ ግን ጠፍቶ ቀረ። ሲያበሩና ሲያጠፉ ባይቆዩ ኖሮ የጠፋው ምናልባት ባነሰ ነበር። ካያያዝ ይቀደዳል፤ ካነጋገር ይፈረዳል የተባለው ተረት ለዲስክም የተነገረ ይመስላል።

ሊደረግ የማይገባው

1ኛ፤ የደከመውን ዲስክ ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት አይገባም፤ በተነሣ ቍጥር ድካሙ ይጨምራልና።

2ኛ፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራም ማስነሣት አይገባም። ይህ ፕሮግራም ጤነኛ ዲስክ ላይ የተዛባውን ዝርዝር ለማስተካከል የተሠራ ነው እንጂ የሚሞተውን ዲስክ ለማዳን አይደለም፤ በዲስኩ ላይ እየጻፈ ሲያስተካክል የሚድነውን ፋይል ሊያጠፋው ይችላል።

3ኛ፤ የማዳኛ ፕሮግራም አምጥቶ በዚያው በታመመው ዲስክ ላይ መጫን አይገባም። አዲስ የሚጻፈው በአሮጌው ላይ ያርፋልና።

4ኛ፤ ዲስኩን በቤት ውስጥ ፈትቶ መክፈት አይገባም። በቤታችን አየር የሚንሳፈፈው ትቢያ ከማንበቢያው ክፍተት እጅግ የሚበልጥ ነው፤ ይህ ሥራ የሚሠራው አየሩ ተጣርቶ በተዘጋጀ ንጹሕ ክፍል ብቻ ነው።

5ኛ፤ ዲስኩን በበረዶ ቤት ማቀዝቀዝ ያድነዋል የሚል ወሬ በብዙዎች ዘንድ አለ። ይህን ምክር መቀበል አይገባም፤ ቀዝቅዞ ሲወጣ ከአየሩ የሚመጣው እርጥበት በሳሕኑ ላይ ጤዛ ሊሆንበትና ሊያበላሸው ይችላልና።

ሊደረግ የሚገባው

ምልክቱ ድምፅ ከሆነ ወዲያው አጥፍቶ ለዐዋቂ መስጠት ነው። ድምፅ ሳይኖር ዝግታና የፋይል አለመከፈት ብቻ ከሆነ ግን በቤት ሊደረግ የሚችል ብልሃት አለ። የብልሃቱም ሥር አንድ ቃል ነው፤ አስቀድሞ መቅዳት፤ ኋላ መፈለግ። ፋይሎቹን አንድ ባንድ እየከፈቱ ማየት ዲስኩን ያደክመዋል፤ ስለዚህ ሙሉውን ዲስክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳለ ወደ ሌላ ጤነኛና ከእርሱ ወደማያንስ ዲስክ መገልበጥ ይሻላል።

ለዚህ ሥራ ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ ዲዲሬስክዩ የሚባለው ነው። አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የሚባል ሰው ጽፎ በ2004 ዓ.ም. ያወጣው ሲሆን፤ የሚገኘውም ያለ ዋጋ ነው። ጥበቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ፈጥኖ ይቀዳል፤ የሚያስቸግረውን ስፍራ እየዘለለ ያልፋል፤ የዘለለውንም በካርታ ላይ ይመዘግባል። ደህናው ሁሉ ከተቀዳ በኋላ ወደ ተዘለለው ተመልሶ ጥቂት በጥቂት ይሞክራል። ሥራው በመካከሉ ቢቋረጥ፤ መብራትም ቢጠፋ፤ በካርታው እየተመራ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ አካሄድ ቤቱ ሲቃጠል በደጃፍ ያለውን ዕቃ አስቀድሞ እንደሚያወጣ ብልህ ሰው ያለ ነው፤ በጓዳ ላለው ብሎ ሁሉን አያቃጥልምና። ነገር ግን ምንጩንና መድረሻውን ማሳሳት አይገባም፤ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ከተገለበጠ ሁሉ ይጠፋልና፤ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ ይገባል።

ቅጂው ከተገኘ በኋላ የታመመው ዲስክ ይቀመጥ፤ ፍለጋው በቅጂው ላይ ይሁን። ክሪስቶፍ ግሬኒየ የሠራቸው ቴስትዲስክና ፎቶሬክ የሚባሉት ፕሮግራሞች የተዛባውን የዲስክ ክፍፍል ለማቃናትና ስማቸው የጠፋ ፎቶግራፎችን በመልካቸው ለይቶ ለማውጣት ይረዳሉ፤ እነዚህም ያለ ዋጋ ይገኛሉ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቍጥር ያስፈልጋል፤ ይህ ቍጥር ከሌለ ዲስኩ ቢድን እንኳ ጽሑፉ አይነበብም። ስለዚህ ቍጥሩን ዛሬውኑ በወረቀት ጽፎ በሣጥን ማስቀመጥ ይገባል።

ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለውን፤ የሚዞር ሳሕን የሌለውን ማከማቻ እንደ ያዙ አንባቢ ይወቅ። እርሱ ሲወድቅ በቀላሉ የማይጎዳ በመሆኑ ይመሰገናል፤ ሲሞት ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ምንም ድምፅ ይሞታል፤ በስሕተት የተደመሰሰውንም ፋይል ትሪም የሚባለው ሥርዐቱ ፈጥኖ ስለሚያጸዳው መልሶ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል።

ተስፋ ስላለመቍረጥ

ዲስኩ ምንም ቢጎዳ ዐዋቂ ሳያየው ተስፋ መቍረጥ አይገባም። ኮሎምቢያ የምትባለው የአሜሪካ የጠፈር መርከብ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ወደ ምድር ስትመለስ በሰማይ ላይ ተሰባብራ 7ቱም ተጓዦች ሞተዋል። ከፍርስራሹ ጋር 400 ሜጋ ባይት ያህል የሚይዝ አንድ ዲስክ በቴክሳስ በደረቀ ሐይቅ ላይ ወድቆ ተገኘ፤ በውስጡም ዜኖን ስለሚባለው ጋዝ በጠፈር የተደረገ ምርመራ ተጽፎ ነበር። ዲስኩ ተቃጥሎ የብረት ጕማጅ መስሎ ነበር፤ ትቢያም ገብቶበት ነበር። ኦንትራክ በሚባለው ድርጅት ያሉ ዐዋቂዎች ሳሕኖቹን አጥበው በሌላ ዲስክ ቤት ውስጥ ቢያኖሯቸው ከመቶው 99 ያህሉ ተነበበ፤ የምርመራውም ውጤት በ2008 ዓ.ም. ታተመ። ሰዎቹ ቢሞቱም የሥራቸው ፍሬ ለትውልድ ተረፈ። እንዲህ የሆነውም ጽሑፉ ያረፈበት የሳሕኑ ክፍል ስላልተነካ ነው፤ ሳሕኑ ራሱ ከተፋቀ ግን ማንም ዐዋቂ ሊመልሰው አይችልም።

ዲስኩን ለዐዋቂ የሚሰጥ ሰው ደግሞ እንደ ማንኛውም ውል ይጠንቀቅ። የዲስኩን ቍጥር የያዘ ደረሰኝ ይቀበል፤ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ፤ ካልዳነም የሚከፈል መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ይረዳ፤ የቤቱን ምስጢር እንዳይገልጥም ሠራተኛውን በውል ያስገድድ። ከሁሉ አስቀድሞ እጅግ የሚፈልገውን ፋይል ስሙን ጽፎ ይስጥ፤ ዲስኩ በመካከሉ ቢሞት አስፈላጊው ቀድሞ እንዲወጣ ነው።

ሳይርቅ በቅርቡ፤ ሳይደርቅ በርጥቡ

ከማዳን ይልቅ መጠበቅ ይቀላል። የሙያው ሰዎች የሚመክሩት ሕግ አጭር ነው። አንድ ጽሑፍ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ ቅጂዎቹም በሁለት ዐይነት ዕቃ ይቀመጡ፤ ከሦስቱም አንዱ ከቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ይኑር። ይህ ምክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በልዩ ልዩ አድባራትና ገዳማት ያሉት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፤ አንዱ ቅጂ በአገር ቤት፤ ሌላው በአሜሪካ በሚኔሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ እንዲህም ብዙ ሺህ መጻሕፍት ተነሥተዋል። መጽሐፉ በእሳት ወይም በጦርነት ቢጠፋ ቃሉ እንዳይጠፋ ነው።

ቅጂ አለኝ ብሎ መተኛትም አይበቃም፤ አልፎ አልፎ ከፍቶ ማየት ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ፒክሳር የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ሠሪ ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን ፊልም በመሥራት ላይ ሳለ አብዛኛው ሥራ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ተደመሰሰ፤ የመጠባበቂያውም ቅጂ ሲታይ የማያገለግል ሆኖ ተገኘ። ሥራውን ያዳነችው ጌሊን ሰስማን የምትባል የሙያ ኀላፊ ናት፤ ልጅ ወልዳ በቤቷ ትሠራ ስለ ነበር ሌላ ቅጂ በቤቷ ኮምፒውተር ነበራት። ኮምፒውተሩንም በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና በጥንቃቄ አመጡት። የአንዲት አራስ እናት ቅጂ የብዙ ሰዎችን ድካም አዳነ።

እንግዲህ እያንዳንዱ የቤት አባትና እናት ይህን ሥራ ለአንዱ ልጃቸው በስም ቢሰጡትና በየወሩ አንድ ቀን ቢቈርጡለት መልካም ነው። የአንድ ተጨማሪ ዲስክ ዋጋ፤ የሞተ አባትን ድምፅ ዳግመኛ ለመስማት ከሚከፈለው ጋር ሲመዛዘን ምንም አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፤ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ ላፕቶፑን ከመዝጋቱ በፊት እጅግ የሚወደውን አንዱን ፋይል በሌላ ስፍራ ይገልብጥ።