በሱባ ደን ወደ ፏፏቴው

ከቡራዩ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚታየው ወጨጫ ተራራ 3,385 ሜትር ከፍታ ያለው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። በምዕራብ ጎኑ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል።

ከደኑ ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ በአንዱ የእግር መንገድ በደኑ ውስጥ ያለውን ፏፏቴ አይቶ በሌላው መመለስ ይቻላል። በመንገዱ ላይ ባለው ሸለቆ ጽድና ዝግባው ፀሐዩን ይጋርዱታል። ቀና ያለ ሰው ጉሬዛ ጫፉ ነጭ የሆነ ረጅም ጅራቱን አንጠልጥሎ ቅጠል ሲቀነጥስ ያያል፤ የምኒልክ ድኩላ ግን ድንጉጥ ስለሆነ በዝግታ መሄድ ይጠይቃል። ፏፏቴው የሚያምረው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ነው። ያኔ ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ ጥሩ ጫማ አድርጉ።