ሆላንድኛ በ66 ዓመት

የልጅ ልጄ ተወልዳ ያደገችው ሮተርዳም ነው። አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በስልክ እንደ ልባችን እናወራ ነበር። ሆላንድ ውስጥ ልጆች በአራት ዓመታቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ እሷም ከገባች ወዲህ አማርኛዋ እየሳሳ ሄደ። አሁን 6 ዓመቷ ነው። የምላትን ትሰማለች፣ መልሷ ግን በሆላንድኛ ነው። እናቷ መሃል ገብታ ካልተረጎመችልን ጨዋታችን "ደህና ነሽ?" ላይ ያልቃል።

ዘመድ አዝማድ "ጥፋቱ የእናትየዋ ነው" ይላል። እኔ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላ የምትገባ እናት ብቻዋን ከትምህርት ቤቱም ከሠፈሩም ልጆች ጋር እንዴት ትወዳደር? ልጅቷን ከማስጨነቅ እኔው ጥቂት ልማር ብዬ በ66 ዓመቴ ደብተር ገዛሁ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ድምፁ ነው። በ"ጂ" ፊደል የሚጽፉት ከጉሮሮ ይወጣል፤ ትግርኛ ተናጋሪዋ ጎረቤቴ "ኸ" ስትል እንደሚሰማው ዓይነት። "እንደምን አደርሽ" ለማለት "ኹደ ሞርኸን" ይባላል። ጎረቤቴ ከእኔ ቀድማ አጥርታ አለችው፤ ቡና ላይ እየደጋገመች አስለመደችኝ።

ሰዋስዉ ግን አንዳንድ ቦታ ዘመድ ሆኖ አገኘሁት። "ኢክ ቪል ኮፊ" ማለት "ቡና እፈልጋለሁ" ነው፤ ግሡ እንደ እንግሊዝኛው መሃል ይገባል። "ኦምዳት"፣ ማለትም "ምክንያቱም"፣ ሲቀድመው ግን ግሡ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፦ "ኦምዳት ኢክ ኮፊ ቪል"። ቃል በቃል "ምክንያቱም እኔ ቡና እፈልጋለሁ" ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን የሚያደናግረው ይህ ቅደም ተከተል ለእኛ የሰርክ ንግግራችን ነው።

ሌላው የወደድኩት ነገር፣ የቃል መጨረሻ ላይ "የ" ወይም "ትየ" ጨምረው ነገሩን ትንሽና ተወዳጅ ማድረጋቸው ነው፤ እኛ "ልጅዬ"፣ "እናትዬ" እንደምንለው። "ኩክ" ኬክ ሲሆን "ኩክየ" ብስኩት ነው። የእንግሊዝኛው "ኩኪ" የመጣው ከዚሁ ቃል ነውና ዳቦ ቤት ገብታችሁ ኩኪስ ስትጠይቁ ሳታውቁት ሆላንድኛ ትናገራላችሁ። ለጀማሪ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ስሞች "ደ" ወይም "ሄት" የሚል መስተአምር ይቀድማቸዋል፤ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ በአብዛኛው መሸምደድ ነው። እንዲህ አሳንሰው ሲጠሩት ግን ምንጊዜም "ሄት" ነው።

ልጄ የላከችልኝ መጽሐፍ የዲክ ብሩና ጥንቸል፣ የ"ኔይንትየ" ነው። የመጀመሪያው በ1955 እ.ኤ.አ. ወጣ። ስሟ ራሱ "ኮኔይንትየ"፣ ትንሽ ጥንቸል፣ ከሚለው የተወሰደ ነው። ከየሥዕሉ ትይዩ አራት አጫጭር መስመሮች ብቻ ስላሉ ለአያትም ይመቻል።

ሰዓታቸውን ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። "ሃልፍ ድሪ"፣ ግማሽ ሦስት፣ ሲሉ ሦስት ሰዓት ተኩል እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ 2:30 ማለት ነው። ከቀትር በኋላ ከሆነ፣ በእነሱ የብርድ ወራት ለእኛ አሥር ሰዓት ተኩል፣ በሙቀቱ ወራት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቀጠሯችንን ደብተሬ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሁሉ የጠቀመችኝ አንዲት ጥያቄ ናት፦ "ቫት ኢስ ዳት?"፣ ያ ምንድን ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ስንደዋወል አሻንጉሊቶቿን እያሳየሁ እጠይቃታለሁ፤ እሷም እንደ አስተማሪ ቀስ ብላ ትነግረኛለች። ባለፈው ወር ከኋላዬ ያለውን ጀበና በጣቷ አሳይታ ራሷ "ቫት ኢስ ዳት?" አለች። "ጀበና" አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝና እየሮጠች ለእናቷ ልትነግር ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ የአማርኛ ቃል ትጠይቀኛለች፤ ማንም አላዘዛትም።

በክረምቱ የ6 ሳምንት ዕረፍቷ ትመጣለች። ዶሮ ወጥ አብረን ለመሥራት ተቀጣጥረናልና የማድ ቤት ቃላት እያጠናሁ ነው። ሽንኩርት ለእኔ ጆሮ "አውይ" እንደማለት ነው የሚሰማው፤ እነሱ ከንፈራቸውን ሾል አድርገው ይሉታል። ለአንድ ዶሮ ስንት ሽንኩርት እንደሚከተፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል አይጠፋውም።