ለነገ የሚተርፍ እግር

ማለዳ ፀሐይ በየረር ተራራ ወገን ብቅ ስትል፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ ሸንተረር የሚያቀና ሰው፣ በአንዲት ጠባብና ድንጋያማ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኞች ሲተላለፉ ይመለከታል፤ ሽቅብ የሚወጡት ትንፋሻቸውን መጥነው፣ እግራቸው መሬት የነካ ሳይመስል የሚያልፉ ወጣት ሯጮች ሲሆኑ፣ ቁልቁል የሚወርዱት ደግሞ ከቁመታቸው የሚረዝም የጭራሮና የቅጠል ሸክም አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳይነቅሉ የሚራመዱ እናቶች ናቸው። ሲገናኙ መንገድ የሚለቀው ሯጩ ነው፤ ይህም ተገቢ ሥርዓት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሩጫ ነው፤ ነገር ግን የለመድነው ሩጫ አይደለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ድል ከነሣ ወዲህ፣ ማራቶን የሚባለው የ42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መንገድ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የገዛ ቤቱ ወግ ሆኗል። ከዚያ የሚረዝመው ሁሉ አልትራ ማራቶን ይባላል፤ ከእርሱም ወገን በአንድ ጀንበር የማያልቅ፣ ሯጩ በባሕር ጠረፍ ሲሮጥ ውሎ በድንኳን የሚያድርበት፣ በማግሥቱም ካቆመበት የሚቀጥልበት፣ ሦስት ቀንም ስድስት ቀንም የሚፈጅ ውድድር አለ። አዲስ ነገር ቢመስልም ከማራቶን ይልቅ ጥንታዊ ነው ለማለት ያስደፍራል፤ ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው የአቴናው መልእክተኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት ርዳታ ለመጠየቅ የሮጠው እስከ ስፓርታ ድረስ ነበርና፣ 246 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ያንኑ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሯጮች በ36 ሰዓት ውስጥ ለመፈጸም ይጋደሉበታል። የእኛም ነገሥታት ደብዳቤ የቴሌግራፍ ሽቦ ሳይዘረጋ በእግረኛ መልእክተኛ እጅ ይሄድ ነበር፤ ሰዓት ይዞ የለካው ግን አልነበረም።

ጠረፍ ለሩጫ የተመቸ ሜዳ የሚመስለው ባሕርን በሥዕል ብቻ ላየ ሰው ነው። ደረቁ አሸዋ እግርን ይውጣል፤ ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው እርጥብ አሸዋ ግን እንደ ተደለደለ መንገድ ጠንካራ ነውና፣ ብልህ ሯጭ ጉዞውን ውኃው ከሚሸሽበትና ከሚመለስበት ሰዓት ጋር ያስማማል። ያም ሆኖ ዳርቻው ወደ ውኃው ያዘነበለ ስለ ሆነ አንደኛው እግር ከሌላው ዝቅ ብሎ ሲረግጥ ይውላል፤ ዳሌና ጉልበትም የዚህን ክፉ ሚዛን ዋጋ ማታ ይጠይቃሉ። አሸዋው ሲያልቅ ገደል ይተካል፤ ወንዝ ወደ ባሕር በገባበት ሁሉ ወርዶ መልሶ መውጣት አለና፣ ቀኑን ሙሉ ከባሕር ያልራቀው ሰው ሲመሽ የአንድ ተራራ ያህል ዳገት ወጥቶ ይገኛል።

የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ ለእንዲህ ያለው መንገድ የት ይለማመዳል ቢሉ፣ የካ በቂ ነው እላለሁ። የእንጦጦ ከፍታ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ ሥፍራ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ ኩላሊት ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ ያዝዛል፤ ይህ በየጋዜጣው የተጻፈ ነው። ለብዙ ቀን ሩጫ ግን ከዳገቱ ይልቅ የሚያስተምረው ቁልቁለቱ ነው። ሰው ቁልቁል ሲወርድ የጭኑ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደቱን ይገታልና ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ፤ ሕመሙም በዕለቱ ሳይሆን በማግሥቱና በሠልስቱ (ቃሉን ከለቅሶ ቤት መዋሴን አንባቢ ይቅር ይበለኝ) ይመጣል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም። ባለፈው በጋ ሦስት ማለዳ በተከታታይ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቼ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ እስከ ጫኑባት እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ ሮጬ ለመመለስ ለራሴ ቃል ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ስመለስ አንዲት ባልቴት ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘሁና «እማማ፣ በርቱ» አልኋቸው። «አንተም በርታ ልጄ» አሉኝና፣ ከእግር እስከ ራሴ አይተው «ነገስ ትመጣለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያለ ማመንታት «እመጣለሁ» አልሁ።

ከእግሩ ወደ ሯጩ ስንቅ ልለፍ። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር የሚበቃው ለሁለት ሰዓት ያህል ብርቱ ሩጫ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት በይበልጥ ስብ ወደ ማንደድ ይዞራልና፣ የብዙ ቀን ሯጭ ፍጥነቱን ገትቶ፣ ሳይርበው እየበላ፣ ከውኃው ጋር ጨውን እየወሰደ ይጓዛል፤ ብዙ ውኃ ያለ ጨው ደሙን አቅጥኖ ሕይወቱን ለአደጋ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሞሮኮ በረሃ በሚደረገው፣ 250 ኪሎ ሜትር በሚያህለው ውድድር ሯጩ የሳምንት ምግቡን በጀርባው ይሸከማል፤ ከእንግዶቹ ሁሉ ልቆ 10 ጊዜ ያሸነፈው ላህሰን አሃንሳልም የዚያው በረሃ ልጅ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ቀናትን በእግራቸው የሚጓዙት ምእመናን ትዝ አሉኝ፤ በአቁማዳቸው የሚይዙት በሶ ክብደቱ የቀለለ፣ እሳት የማይሻ፣ በውኃና በጨው ብቻ የሚበጠበጥ ነውና፣ በፈረንጅ አገር በውድ ዋጋ ከሚሸጠው የሯጭ ዱቄት የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ታዲያ የእኛ ሯጮች ወደዚህ ውድድር የማይጎርፉት ለምንድን ነው? ጽናት አጥተው አይመስለኝም። የጎዳና ማራቶን ሽልማት ቤት ይሠራል፣ ታናናሾችን ያስተምራል፤ የብዙ ቀን ሩጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሯጩ ከኪሱ ከፍሎ የሚገባበትና እግሩን ለሳምንታት የሚያስተኛበት ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር እግር ደግሞ ለጉብኝት አይሰጥም።

በሁለተኛው ቀን ወጣሁ፤ ቁልቁለቱን የወረድሁት ግን በአብዛኛው ወደ ኋላዬ እየተራመድሁ ነበር፤ ባልቴቷም አይተውኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ በየረር ወገን ስትወጣ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጭኔን በቅቤ አሽ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም ጭራሮው አጥሩን እየታከከ፣ የኮንጎ ጫማቸው ኮረቱን እየረገጠ ሲያልፍ ሰማሁ።